ሰረዝ

ያመጣት ዘርጋው ነው፣ የማተሚያ ቤቱ ዘበኛ፣
«ከወረቀት ክምር ላይ፣ ብቻዋን ስትተኛ
አገኘኋት» ብሎ፤ በማዳበሪያ ከረጢት፣
አፉን በሲባጎ ቋጥሮ እንደ በርበሬ ዱቄት።
«መንገዱን እንዳታይ፤ ካየች ትመለሳለች፤
ውሻ ሰው ይለምዳል፣ እሷ ቤት ትለምዳለች።»

ከአራት ኪሎ ቁልቁል፣ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ
እቅፌ ላይ ሆኖ ከረጢቱ ሲያለቅስ፣
የታክሲ ሰልፈኛ አንገቱን አስግጎ
የማያገባውን መልስ ከፊቴ ፈልጎ...
«ድመት ናት» አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።
አርባ ስድስት ዓመቴ፤ ልጅ ያቀፍኩ እንዳይመስላቸው ሰግቼ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ ስፈታው እንደ ጥይት ወጣች፤
አንዴ ግድግዳውን፣ አንዴ በሩን መታች፤
ከዚያ ከቡፌው ሥር፣ ከአቧራው ጨለማ
ገባች። ከዚያ ወዲያ ድምጿም አልተሰማ።

ሦስት ቀን።
ወተቱን በሌሊት ልሳ ትጨርሳለች፤
ስነሳ የለችም፤ ሳሕኑ ላይ ግን አለች።

አከራዬ ትርንጎ በመስኮት ብቅ ብለው
«ምሰሶውን ሦስቴ አዙሪያት» አሉኝ። የታለው?
ብሎኬት ነው ቤቱ፤ ምሰሶ የለውም።
እኔም ስገባበት ማንም አላዞረኝም።
ስምንት ወር ሆነኝ፣ ከዶሮ ማነቂያ
ቤታችን ሲፈርስ፣ በዚያ መዋከቢያ
ያሰርኩት ዕቃ ሁሉ፣ ካርቶን በካርቶን ላይ፣
«ሳሕን»፣ «መጽሐፍ»፣ «ሌላ ሌላ» የሚል በእጄ ጽሑፍ ከላይ።

ወሩ ሁዳዴ ነው። የሠፈሬ ሥጋ ቤት
ቀይ አምፖሉን አጥፍቶ፣ መዝጊያው ቁልፍ አለበት።
እኔ ከሽሮዬ ጋር ጾሜን እገፋለሁ፣
ለሷ ግን በጠዋት ሳንባ ፍለጋ እወጣለሁ።
ከመስጊዱ ጀርባ፣ አብዱልፈታህ ዘንድ ደርሼ
«ለድመት ነው» ስለው፣ ነጠላዬን ስቤ፣
እንዳይታወቅብኝ የገዛ ራቤ፣
«እኔስ ምን አልኩ?» ብሎ ሳቀ፣ ጨመረልኝ፣
«ለአዲሷ እንግዳ» ሲል ጠቀለለልኝ።
የጠቀለለበት ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ
እኔ ነኝ ያረምኩት፤ በደም ረጥቦ ወጣ
ያለፈኝ አንድ ስሕተት፦
«ዓለም» የሚለው ቃል፣ በዐይኑ ፈንታ በአልፋው «አ»።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ሄደ። ሠፈሩ
ጭር አለ፤ የክሬኑም ቆመ መሽከርከሩ።
ከቡፌው ፊት ለፊት፣ ጉንጬን ሊሾው ላይ ጥዬ፣
በስልኬ ብርሃን፣ ነገ ማለቅ አለበት ብዬ
አንድ ጽሑፍ ማረም ጀመርኩ፣ ስለ ሽንኩርት አያያዝ።
እንደ ሙያችን ወግ፣ ነጥቡም ሳይቀር በስሙ፣
ጮክ ብዬ ነው የማነበው፤ ጎረቤቶች ቢሰሙ
አበደች ይሉኛል፦
«ቀይ ሽንኩርት ነጠላ ሰረዝ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጠላ ሰረዝ፣
ድንችም ጭምር ድርብ ሰረዝ፣
ደረቅ ቦታ ካልተቀመጠ ነጠላ ሰረዝ...»

ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ከቡፌው ሥር በኩል
ሁለት አረንጓዴ ነጥብ፣ ጎን ለጎን፣ እኩል፣
በራ። እኔ በጎኔ ስለተጋደምኩ
አንዱን ከአንዱ በላይ ደርቤ አነበብኩ፦
ሁለት ነጥብ፣
በድሮ ጽሑፍ ቃል ከቃል እንዳይጋጭ መሐል የሚገባው።

እጄን አልዘረጋሁም። «ነጠላ ሰረዝ» አልኩ፤
አንድ እርምጃ ወጣች። «አራት ነጥብ» ስል ሸሸች፤ ተሳቀቅኩ።
ከዚያ በኋላማ አራት ነጥብ አልጠራሁም፤
እስኪነጋ ድረስ ዓረፍተ ነገሩን አልዘጋሁም።

ጠዋት ስነቃ፣ ከካርቶኖቹ አንዱ ላይ
ተቀምጣ አገኘኋት፣ ወደ መስኮቱ ስታይ።
«መጽሐፍ» ይላል ካርቶኑ። ሸንታበታለች።
እስከ ታች ድረስ። ደግሞ አታፍርም፣ እግሯን ትልሳለች።

ምን ይደረግ? ማሰሪያውን በቢላ ቀደድኩት፤
ስምንት ወር የታሸገውን አንድ በአንድ ዘረገፍኩት፤
መዝገበ ቃላቱን፣ የተማሪ ቤት ደብተሬን፣
ለማን እንዳዋስኩት ጠፍቶኝ ስፈልገው የኖርኩትን ግጥም መድበሌን፤
በረንዳው ብረት ላይ፣ ገጹን ገላልጬ፣ ለፒያሳ ፀሐይ ሰጠሁ።

ወይዘሮ ትርንጎ ከታች ቀና ብለው
«ምነው? ልትለቂ ነው?» አሉ፣ መጽሐፉን ቆጥረው።
ሰረዝ በእግሬ መሐል አንገቷን አውጥታ ቁልቁል ታያቸዋለች።
«ኧረ እትዬ» አልኳቸው፣ «ገና እየገባሁ ነው»፣